ቀጥታ ሽያጭ ምንድን ነው? መንግስትስ ምን አገባው?

ቀጥታ ሽያጭ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ክራቫት ያሰረ ልጅ ሰሌዳ ላይ ክብ በክብ እየሳለ "በስድስት ወር መኪና ትነዳለህ" የሚልበት ስብሰባ ነው። እሱ ሌላ ጉድ ነው፣ እመጣበታለሁ። ቀጥታ ሽያጭ ራሱ ግን ቀላል ነገር ነው፣ ሱቅ ሳይኖርህ እቃህን ይዘህ ገዢው ያለበት ሄደህ፣ አሳይተህ አስረድተህ መሸጥ፣ በቃ። እኛ ጋ ደሞ አዲስ አይደለም፣ ሱቅ በደረቴ ምን ነበር ታዲያ? አራት ኪሎና ሜክሲኮ አካባቢ ባሉ መስሪያ ቤቶች ሹራብ፣ አንሶላ፣ ሽቶ ይዘው በየቢሮው የሚዞሩት፣ ስም ደብተር ላይ ጽፈው "ደሞዝ ሲወጣ ትሰጪኛለሽ" የሚሉት ሴቶችስ? ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ በስልክ ትዕዛዝ የምታደርሰው የባልትና ሴትዮም እዛው ውስጥ ናት። አሁን ቴሌግራም ቻናልና ቴሌብር ተጨመረበት እንጂ ስራው ያው ነው።

እና መንግስት እዚህ ውስጥ የሚገባው በሁለት በኩል ነው፣ አንዱ ማጭበርበርን ለመከልከል፣ ሌላው ፈቃድና ግብር። ሰው ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል፣ ተቀላቅለው ሲታዩ ደሞ የምትጎዳው ትንሿ ሻጭ ናት።

ከክልከላው እንጀምር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን በግልጽ ይከለክላል። መግቢያው ላይ ያነሳሁት የሆቴል አዳራሹ ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። በኛ ቋንቋ ሲነገር፣ እቃ በመግዛትህ ወይ ብር በማዋጣትህ ሽልማት አለህ፣ በአንተ በኩል የሚገቡ ሰዎች በበዙ ቁጥር ደሞ ተጨማሪ አለህ እያሉ መሸጥ አይቻልም ነው። ድሮ ይሄን የሚከታተል ራሱን የቻለ ባለስልጣን ነበር፣ ከ2014 ወዲህ ስራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል።

ለምን ይከለከላል ለሚል ሂሳቡን መስራት ነው። እያንዳንዱ ሰው አምስት ሰው ያምጣ ተባለ እንበል፣ 5፣ 25፣ 125 እያለ አስረኛው ደረጃ ላይ 9,765,625 ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ህጻን ሽማግሌ ሳይቀር ቢመዘገብ አይሞላውም! ስለዚህ የመጨረሻዎቹ፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ብራቸውን ከላይ ላሉት ሰጥተው ይቀራሉ፣ ይሄ የሻጩ ጉብዝና ወይ ስንፍና ጉዳይ አይደለም፣ አሰራሩ ራሱ ነው። እኔ ጓደኛ ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ገንዘቡ የሚመጣው እቃውን ከሚጠቀም ሰው ነው ወይስ ከአዲስ ተመዝጋቢ? አዲስ ሰው መግባት ቢያቆም ብሩም የሚቆም ከሆነ ይሸጣል የሚባለው ሻምፖና ሻይ ለሽፋን ነው ያለው።

ግን የአዋጁ አነጋገር ትንሽ ሰፋ ይላል ባይ ነኝ። "ሶስት ጓደኛ አምጪና አንዱን በነጻ ውሰጂ" የሚል ምስኪን የቴሌግራም ማስታወቂያ እንኳ አንቀጹን ጥብቅ አድርጎ ለሚያነብ ሰው ሊያስጠይቅ ይችላል። ለሸጠልሽ ሰው በሸጠው ልክ ኮሚሽን መክፈልና ሰው ስላመጣ ብቻ መክፈል ግን ይለያያሉ፣ ሁለተኛውን ባትነኩት ይሻላል።

ሌላ አገርም ሲያጨቃጭቅ የኖረ ነገር ነው። አሜሪካ በ1979 (እዚህ ያሉት የውጭ አገር ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የንግድ ኮሚሽኑ አምዌይ የሚባለው የቀጥታ ሽያጭ ድርጅት ፒራሚድ አይደለም ብሎ ወሰነ፣ ምክንያቱም ሰው በማምጣት ብቻ አይከፈልም፣ ሻጮቹ ለእውነተኛ ደንበኛ መሸጥ አለባቸው፣ ያልተሸጠውንም እቃ ድርጅቱ መልሶ ይገዛል። ህንድ በ2021 ባወጣችው ደንብ ሻጭን የመመዝገቢያ ክፍያ ማስከፈል ከለከለች። ቻይና ደሞ በ1998 ጭራሽ ዘጋችው፣ በ2005 ስትከፍተው 80 ሚሊዮን ዩዋን ካፒታል ያለው፣ ለሻጩ ከሽያጩ ከ30 በመቶ በላይ የማይከፍል ድርጅት ብቻ ይግባ አለች። 80 ሚሊዮን! አጭበርባሪውን ለማስቀረት ተብሎ የወጣ ህግ ግዙፎቹን አስገብቶ ትንንሾቹን ውጭ አስቀራቸው ማለት ነው። ህግ ሲጠብቅ ሁልጊዜ ደካማው ይጠበቃል የሚል ሰው ይሄን ቢያየው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ወረቀቱ። ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ ወንጀል ነው፣ ፈቃዱ ደሞ የተጻፈው ሱቅ ያለውን ነጋዴ አስቦ ነው። አድራሻ ይጠየቃል። ቦርሳ ተሸክማ የምትዞር ሴት አድራሻዋ የት ነው? ተከራይታ የምትኖርበት ቤት እንዳትል አከራይዋ ግብር ይመጣብኛል ብለው የኪራይ ውል አይፈርሙላትም። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ ደንበኛም ቢሮም ሰፈርም አብሮ ተበታተነ፣ ፈቃዱ ላይ ያለው ቤት ቁጥር ግን የፈረሰ ግቢ ነው፣ ሂጂና አስተካክይ ነው እንግዲህ። እድሳቱም በየአመቱ ነው፣ ቀኑ ካለፈ ደሞ ቅጣት አለው።

ቤቷ የጸጉር ቅባት ወይ ሳሙና የምትሰራ ከሆነች ደሞ ሌላ መስሪያ ቤት ይጨመራል፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጁ 1112/2011 ኮስሞቲክስንም ይመለከታል። ይሄ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፣ ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ያለ ተቆጣጣሪ አይሸጥ፣ "ስኳርና ግፊት ያድናል" እያለ ሻይ የሚሸጠውማ ቶሎ ቢያዝ ደስ ይለኛል። ችግሩ ወጪው ከሽያጩ ጋር አብሮ አያንስም። በወር 300 ሺ ብር የሚሸጠውም 15 ሺ የምትሸጠዋም ወረዳ ወረፋ የሚይዙት እኩል ቀን ነው፣ እሱ ሰራተኛ ይልካል፣ እሷ ግን ያን ቀን አልሸጠችም።

ስለዚህ ብዙዎቹ ሳይመዘገቡ ይቀራሉ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ መሮጥ ነው። ጉዳቱ ገዢውም ጋ ይደርሳል። በ813/2006 መሰረት ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስልኝ ማለት ይችላል፣ ግን ደረሰኝ ከሌለ ምን ይዞ ይከራከራል? አንድ መስሪያ ቤትም ለዝግጅት ብሎ ሃምሳ ኪሎ በርበሬ ከባልትና ሴትዮዋ መግዛት ቢፈልግ ያለ ደረሰኝ ሂሳብ ክፍሉ አይከፍልም፣ ትልቁ ትዕዛዝ ለሌላ ይሄዳል።

ለመመዝገብ የወሰናችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የምታጣሩት የስራ መደቡን ነው። እቃውን ገዝታችሁ ከሆነ የምትሸጡት ችርቻሮ ናችሁ፣ የሌላ ሰው እቃ ሸጣችሁ ድርሻ የምትወስዱ ከሆነ ግን የኮሚሽን ስራ ነው፣ ገቢያችሁም ኮሚሽኑ ነው እንጂ የእቃው ሙሉ ዋጋ አይደለም። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ህግ ደረጃ ሐ የሚባለው የግብር ከፋይ ደረጃ ተሰርዞ ደረጃ ሀ እና ደረጃ ለን የሚለየው መስመር 2 ሚሊዮን ብር አመታዊ ሽያጭ ሆኗል፣ እና መደቡ በስህተት ከተመዘገበ በእጃችሁ ያለፈው የሰው ብር ሁሉ እንደናንተ ገቢ ሊቆጠር ይችላል፣ ስለዚህ ከአቅራቢው ጋር ያላችሁን ስምምነት በወረቀት አድርጋችሁ ሂዱ።