ካፒታሊዝም የቆመው በራስ ጥቅም ላይ ነው ወይስ በበጎነት? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማለዳ በሐዋሳ፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ሌሊት ሐይቁ ላይ ያደሩት ጀልባዎች ሲመለሱ ዓሣ ሻጩ ማንም ሳይጠይቀው የቆሮሶ ዓሣውን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ በአውራ ጣቱ ገልጦ የትኩስነቱ ምልክት የሆነውን ቀይነቱን ለገዥው ያሳያል። ይህን የሚያደርገው ለገዥው አስቦ ነው ወይስ ለራሱ? ካፒታሊዝም በምን ላይ እንደቆመ በሚነሣው ክርክር ደጋግመው የሚሰሙት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል ለመመለስ ከመቸኮል ነው።

«ካፒታሊዝም ስግብግብነትን ሕጋዊ ያደረገ ሥርዓት ነው፤ አዳም ስሚዝም ያስተማረው ይህንኑ ነው።»

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ስለ አገሮች ሀብት እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እራታችንን የምናገኘው ከሥጋ ሻጩ፣ ከጠማቂውና ከዳቦ ጋጋሪው ቸርነት ሳይሆን እነርሱ የገዛ ጥቅማቸውን ከመጠበቃቸው የተነሣ መሆኑን በእርግጥ ጽፏል። ይኸው ሰው ግን ከ17 ዓመታት በፊት ስለ ሥነ ምግባር ስሜቶች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ ሰው የቱንም ያህል ራስ ወዳድ ነው ቢባል የሌሎች ዕጣ ግድ እንዲለው የሚያደርግ ነገር በተፈጥሮው ውስጥ እንዳለ ገልጿል። በኋላ ሐሳቡን ለውጧል እንዳይባል፣ ይህንኑ መጽሐፍ በሰፊው አሻሽሎ እንደገና ያሳተመው በሞተበት ዓመት፣ በ1790 ነው። በ1776ቱ መጽሐፍም ቢሆን ነጋዴዎችን አላሞገሰም፤ የአንድ ሙያ ነጋዴዎች ሲገናኙ ጨዋታቸው በሕዝብ ላይ በመዶለት ወይም ዋጋ ለማናር በመመካከር ሳያልቅ የሚቀረው ከስንት አንዴ መሆኑን አስጠንቅቋል።

በአማርኛችንም ጥቅምን መፈለግና መስገብገብ አንድ አይደሉም፤ ልጆቹን ለማሳደግ የሚለፋን ሰው ስግብግብ የሚለው የለም። ያ ዓሣ ሻጭ ስንጥቡን የሚገልጠው ያው ገዥ ነገም እንዲመለስለት ነው፤ ስግብግቡ ግን የትናንቱን ዓሣ ከዛሬው ሥር ደብቆ ይሸጣል። ሁለቱም ለራሳቸው ያስባሉ፤ የመጀመሪያው ግን የራሱን ጥቅም የሚያገኘው ገዥው ሲጠቀም ነው።

«እንግዲያው መሠረቱ በጎነት ነው፤ ነጋዴ ከማትረፉ በፊት ይሰጣልና።»

ይህኛው ከፊሉ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስታል። ጀልባና መረብ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው አንድ ዓሣ እንኳ ከመያዙ በፊት ነው፤ እንደሚመለስለትም እርግጠኛ አይደለም። ሆኖም አስቀድሞ ማውጣት መስጠት አይደለም። ለብዙ አነስተኛ ነጋዴ የመጀመሪያውን ካፒታል የሚያስገኝለትን ዕቁብ እንይ፦ እያንዳንዱ አባል በጠቅላላው የጣለውን ያህል በተራው ይወስዳል፣ ዕጣው ቀድሞ የደረሰውም ዋስ ይጠራል፣ ማንም ለማንም አልመጸወተም። ይሁን እንጂ ቀድሞ የወሰደው ሰው እስከ መጨረሻው ዙር እንደሚጥል ካልታመነ ዕቁቡ አይቆምም። ይህን ቸርነት ብሎ መጥራት ቃሉን ማባከን ነው፤ በእኔ አስተያየት ትክክለኛ ስሙ መተማመን ነው፤ በዳኛና በዋስ የሚጠበቀውም ለዚህ ነው።

«የግል ንግድ ቢታገድ የራስ ጥቅም ፍላጎትም አብሮ ይጠፋል።»

በደርግ ዘመን ገበሬው የተመደበበትን የእህል ኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በመንግሥት ተመን እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ተመኑ ከገበያው ዋጋ በታች ነበርና ምርቱ ያነሰበት ገበሬ በውድ ገዝቶ በርካሽ እስከማስረከብ ደርሷል። ፍላጎቱ አልጠፋም፤ ተግቶ የማምረቱ ምክንያት ግን ደከመ። ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

«እያንዳንዱ ለራሱ ከሠራ የጋራው ጥቅም በራሱ ጊዜ ይመጣል።»

ለዚህ የሚጠቀሰው የስሚዝ «የማይታይ እጅ» በዚያ ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከመጽሐፉ ይልቅ ግን ሐይቁ ራሱ በግልጽ ያስረዳል። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ከከተማውና ከእርሻው ታጥቦ የሚገባው ቆሻሻ ፈስሶ የሚሄድበት የለውም። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ የሚጥል አስጋሪም ቆሮሶውን ገና ሳይራባ ያወጣዋል። የዚያን ቀን ትርፍ የብቻው ነው፤ ጉዳቱ ግን ለጀልባዎቹ ሁሉ ይከፋፈላል። እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል ብሎ ስለሚያስብ ደግሞ ብቻውን መታቀብ ሞኝነት ሆኖ ይታየዋል፤ ለዚህ ጥፋት ክፉ ሰው መሆን እንኳ አያስፈልገውም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አስፈላጊ የሆነውም እንዲህ ያለውን ሀብት የገዥና የሻጭ ስምምነት ብቻውን ስለማይጠብቀው ነው። ገዥው የስንጥቡን ቀይነት በዓይኑ ያያል፤ ዓሣው በምን ዓይነት መረብ እንደተያዘ ግን ከዋጋው ሊያውቅ አይችልም፤ ያን የሚያየው ጀልባው ከሐይቁ ሲወጣ መረቡን የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ ወይም የአስጋሪዎቹ ማኅበር ነው።