ደብረ ዘይት፦ ምጽአትን የመጠበቅና እርስ በርስ የመጽናናት ሥርዓት በመሀል አዲስ አበባ

ደብረ ዘይት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ መጠሪያ ነው። ስሙ የተወሰደው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የመምጣቱን ምልክት ከነገረበት፣ ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ ካለው ተራራ ነው (ማቴ. 24)። ቢሾፍቱ ከተማም ለረጅም ጊዜ በዚሁ ስም ስትጠራ ስለኖረች ሁለቱን የሚያምታቱ አሉ። በዓሉ ከጌታ ዘጠኙ ንኡሳን በዓላት ይቆጠራል፤ «ንኡስ» (ትንሽ) መባሉ ግን ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ካዛንቺስ ዑራኤል ባሉ አጥቢያዎች ከሚሰጠው ክብር ጋር እምብዛም አይገጥምም። ምእመኑ በዕለቱ ስለ ዳግም ምጽአት የሚሰማውን ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ቦታ ሰንበቴውና ጽዋ ማኅበሩ ስለሆነ፣ ሁለቱ እዚህ ከበዓሉ ጋር አብረው ተይዘዋል።

ቀኑ እንዴት ይገኛል

ዕለቱ «እኩለ ጾም» ይባላል፤ አባባሉም የግምት አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሰኞ ገብቶ ሲቆጠር ደብረ ዘይት 28ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ከፊቱ 27፣ ከኋላው 27 ቀን ይቀራል። ከየካቲት 28 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 2 አያልፍም።

በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያኒቱ የበዓላትና አጽዋማት ስሌት) ለማግኘት መነሻው ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው ዓመት ነው። የ2018 ዓ.ም. ስሌት እንዲህ ይሄዳል። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱ «አሐዱ አእትት ለዘመን» (አንዱን ለዘመኑ ተው) ተብሎ ሲቀነስ የሚቀረው ቍጥር፣ ወንበሩ፣ 12 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል) 18፤ ይህ መጥቅዕ የሚባለው ቍጥር ነው። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ መስከረም ላይ ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ (የሚደመረው ተጨማሪ ቍጥር) 7 ነው። 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ፣ ማለትም የጾሞቹና የበዓላቱ መነሻ ቍጥር፣ 25 ይሆናል፣ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ገባ ማለት ነው። የደብረ ዘይት ተውሳክ 11 ነው፤ 25 እና 11፣ 36፤ ሠላሳው ሲገደፍ 6። ስለዚህ ደብረ ዘይት መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ዋለ።

ጀማሪ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ወሩ ላይ ነው። የደብረ ዘይት ተውሳክ በሙሉው 41 ነው፤ 11 የሚባለው ሠላሳው ከተገደፈ በኋላ ነው። ከነነዌ ተነሥቶ 11 ቀን ብቻ የቆጠረ ሰው ዐቢይ ጾም ሳይገባ ደብረ ዘይትን ያከብራል። ሌላው ስሕተት የዕለቱን ተውሳክ ከመጥቅዕ ዕለት ሳይሆን ከመስከረም 1 ዕለት መውሰድ ነው።

የዕለቱ ንባብ

በቅዳሴ የጳውሎስን መልእክት ዲያቆኑ፣ ሌላውን መልእክት ንፍቅ (ረዳት) ዲያቆኑ፣ ግብረ ሐዋርያትን ንፍቅ ካህኑ፣ ወንጌልን ሠራዒው (ዋናው ቀዳሽ) ካህን ያነባሉ። በደብረ ዘይት የሚነበቡት 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 እስከ ፍጻሜ፣ 2ኛ ጴጥሮስ 3፥7-14፣ ሐዋርያት ሥራ 24፥1-21 እና ማቴዎስ 24፥1-35 ናቸው። ቅዳሴው የአትናቴዎስ ነው። ምስባኩ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙር ጥቅስ)፦ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ፤ ወአምላክነሂ ኢያረምም፤ እሳት ይነድድ ቅድሜሁ» (እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል፤ አምላካችንም ዝም አይልም፤ እሳት በፊቱ ይነድዳል)። ይህ በግእዙ ቍጥር መዝሙር 49 ነው፤ በአዲሱ መደበኛ ትርጉም የሚፈልገው ሰው 50 ላይ ያገኘዋል።

የንባቡ አቀማመጥ ልብ ሊባል ይገባል። ወንጌሉ ጦርነትን፣ ረኃብንና የመቅደሱን መፍረስ ይናገራል፤ ከእርሱ በፊት የተነበበው የተሰሎንቄ መልእክት ግን «ስለዚህ እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ» ብሎ ያበቃል። አስፈሪው ቃል የሚሰማው ማጽናኛው ከተሰማ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የረሳ ስብከት ምእመኑን አስደንግጦ ወደ ቤቱ ይሰዳል።

ምጽአት በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚነሣ ነገርም አይደለም። በየቅዳሴው ሕዝቡ «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ፤ ነአምን ዕርገተከ ወዳግመ ምጽአተከ» (አቤቱ ሞትህንና ቅድስት ትንሣኤህን እንናገራለን፤ ዕርገትህንና ዳግም ምጽአትህን እናምናለን) ይላል። ጸሎተ ሃይማኖት «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» (የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን) ይላል፤ የሃይማኖቱ መሠረታዊ ትምህርቶች ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምስጢርም የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን ነው።

«ስምንተኛው ሺህ»

በዓመተ ዓለም አቆጣጠር ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለንበት ስምንተኛው ሺህ ነው፤ ልጅ አባቱን ሲገላምጥ ወይም የጤፍ ዋጋ ሲሰቀል የአዲስ አበባ እናቶች «ስምንተኛው ሺህ!» የሚሉትም ከዚህ ተነሥተው ነው። ሺው በገባ በ21ኛው ዓመት፣ በ1521 ዓ.ም.፣ ኢማም አሕመድ (ግራኝ) አፄ ልብነ ድንግልን ያሸነፈበት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት መድረሱ ስሜቱን እንዳጠናከረው የሚገምቱ አሉ። የቋራው ካሳም «ቴዎድሮስ» የሚለውን የንግሥ ስም የመረጡት ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ከተተነበየው ንጉሥ ጋር ተያይዞ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ያችን ቀንና ሰዓት የሚያውቅ የለም (ማቴ. 24፥36)። ቀን ቆርጦ የሚናገር ሁሉ በዚሁ ጥቅስ ይመለሳል።

ሰንበቴና ጽዋ

ሁለቱ ይምታታሉ። ሰንበቴ የአጥቢያ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ሰንበቴ ቤት ይደረጋል፣ ከሚቀርበውም ነዳያን ይካፈላሉ። ጽዋ ማኅበር የቤት ነው፤ በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቅዱስ ወይም በጌታ መታሰቢያ ቀን በአባላት ቤት ይዞራል፦ ልደታ በ1፣ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ እስጢፋኖስ በ17፣ ዑራኤል በ22፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27። የሁለቱም መሠረት ማቴዎስ 10፥42 (ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋም) እና የፍርዱ ቀን ጥያቄ የሆነው ማቴዎስ 25፥35 ነው። ዳኛው የሚጠይቀው «ተርቤ አብልታችሁኛልን» ብሎ ስለሆነ፣ መጠበቁ እንጀራና ጠላ ይጠይቃል።

ለጽዋ ማኅበር የተለመደው ቍጥር 12 ነው። ለሐዋርያት ምሳሌ ነው ይባላል፤ ምቹነቱም ግልጽ ነው፦ 12 ወር፣ 12 ቤት፣ እያንዳንዱ በዓመት አንዴ። አባላቱ 24 ሲሆኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይደግሳሉ። መሪው በብዙ ማኅበራት «ሙሴ» ይባላል፤ ተራ ያስጠብቃል፣ የታረቀና ያልታረቀ ይለያል። የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ጽዋ ማንሣት አይገባም። ጸሎቱን የሚመራው የማኅበሩ ካህን ነው። ከመብሉ በኋላ ሁሉም ቆመው አባታችን ሆይ ይደርሳል፤ የዕለቱ ደጋሽ በጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ከዳቦ ጋር ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። ተረካቢው «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ይባልለታል፤ ጽዋውም እስከሚቀጥለው ወር በእርሱ ቤት በክብር ይቀመጣል።

ለ30 ሰው 25 ሊትር ጠላና ከ5 ኪሎ ዱቄት የሚወጣ ድፎ ይበቃል። ጌሾው ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይጠነሰሳል። እንስራው በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጥንስሱ ከቆየ በኋላ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል፣ ከዚያ ይደፈደፋል። በከተማው ያለው ዋና ችግር ዕቃው ነው፤ የፕላስቲክ በርሜል የወይራ ጢስ አይዝም፣ በደንብ ካልታጠበም የቀደመውን ኮምጣጣ ሽታ ያወርሳል። ውኃ ቀድሞ የበዛበት ጠላ ቶሎ ይሆመጥጣል። በዐቢይ ጾም ወር ድፎው ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ይጋገራል፤ ከሥሩ ኮባ ማንጠፍ እንዳይያዝ ይረዳል። ወጡ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። ዓሣ በዚህ ጾም አይቀርብም።

አከራካሪው ነገር የቀኑ መዛወር ነው። በሥራ ቀን የዋለውን 12 ወይም 23 ወደ ቀጣዩ እሑድ የሚያዛውሩ ማኅበራት በመሀል ከተማ በርክተዋል። አረጋውያኑ ዝክር በዕለቱ ነው ይላሉ፤ ትክክል ናቸው፣ ቢሮ የሚውል ሰው ግን ቀን ላይ አይደርስም። ማታ 12 ሰዓት ላይ በዕለቱ መሰብሰብ ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ መላ ሆኗል።

ለቅሶ ቤት

ቤተ ክርስቲያን ያለፈውን ሰው «ዐረፈ» እንጂ «ሞተ» አትልም፤ ጳውሎስም «አንቀላፉ» ብሏል። ዕድር ድንኳን ውስጥ የሚባለው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እና በደብረ ዘይት የሚነበበው «ተጽናኑ» የአንድ ሥር ቃል ናቸው። መታሰቢያው በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80፣ በመንፈቅና በዓመት የተመደበ ነው፤ በከተማው ዛሬ ጎልተው የሚታዩት ሠልስት፣ አርባና ሙት ዓመት ናቸው። በስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የመድኃኔ ዓለም ገዳም ስሙ ራሱ ምስካየ ኅዙናን፣ የኀዘንተኞች መጠጊያ ነው።

በታሪክ

ደብረ ዘይትን ጨምሮ የጾሙን እሑዶች የሰየመው በስድስተኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ እንደሆነ ትውፊት ይናገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ወቅት፣ አራዳ ጊዮርጊስ ተቃጠለ፤ ከነጻነት በኋላ ታደሰ። በደርግ ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ወጣቱ ግን በሰንበት ትምህርት ቤቶች ጸና፤ ማኅበረ ቅዱሳንም በ1984 ዓ.ም. ተመሠረተ።

ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት

ወንጌላውያን ደብረ ዘይትን በቀን አይዙም፤ ተስፋውን «ማራናታ» (ጌታ ሆይ፣ ና) ብለው ይዘምሩታል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ከተዘጋች በኋላ ምእመናኗ በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ተበታትነው ደርግ እስኪወድቅ መጽናናታቸው የታወቀ ነው። ሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ስማቸው ራሱ የምጽአት ነው፤ ዘውዲቱ ሆስፒታልን እስኪወረስ ድረስ ያስተዳድሩ ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. በኋላ

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡ ሰዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ሲሄዱ፣ የጽዋው ቤት ለቤት መዞር ከበደ። አንዳንዱ ማኅበር ተራውን ወደ ቀድሞ አጥቢያው ሰንበቴ ቤት አዛወረ፤ ሌላው በሁለት ወር አንዴ አደረገው። ሁለተኛው መላ ሲቆጠር የ12 አባላት ዙር 2 ዓመት ይፈጃል። ጽዋው በአንድ ቤት ሁለት ወር ስለሚቆይም ሙሴው በመካከሉ ሄዶ እንዲያየው የሚደነግግ መተዳደሪያ ያወጡ አሉ።