«ዋጋው ውስጥ ገብቷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

እንበልና አንድ ኩባንያ «ትርፌ በ20 በመቶ አደገ» ብሎ አወጀ። በዚያው ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ ወረደ። ግራ ያጋባል አይደል? ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ገበያው 25 በመቶ ሲጠብቅ ነበር። ያንን ተስፋ ያደረጉ ሰዎች ከሳምንታት በፊት ገዝተው ዋጋውን አስወድደውታል፤ ስለዚህ 20 በመቶ ብቻውን ሲታይ ደስ የሚል ቁጥር ቢሆንም ለእነሱ ጉድለት ነው። የአክሲዮን ገበያ ሰዎች «ዋጋው ውስጥ ገብቷል» የሚሉት ይህንን ነው። አስቀድሞ የተጠበቀ ዜና ዋጋ አያንቀሳቅስም። የሚያንቀሳቅሰው ያልተጠበቀው ክፍል ነው።

ዋጋ መረጃን ምን ያህል ቶሎ እንደሚውጥ ሳስብ ሁሌም የሚገርመኝ የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 መንኮራኩሯ በተነሳች በ73 ሰከንድ ውስጥ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። በመንኮራኩሯ ሥራ ዋና ድርሻ የነበራቸው በአክሲዮን ገበያ የሚሸጡ አራት ኩባንያዎች ነበሩ። የሁሉም ዋጋ ወረደ፤ ቀኑ ሲያልቅ ግን ሦስቱ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲያጡ፣ የጎን ሮኬቶቹን የሠራው ሞርተን ታዮኮል 12 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። በዚያ ቀን ምክንያቱን በይፋ የተናገረ ማንም የለም። መርማሪው ኮሚሽን በሮኬቱ መገጣጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ ቀለበት መሆኑን በሪፖርት ያወጣው ከወራት በኋላ፣ በጁን ነው። ሻጮቹ ምን አውቀው ነበር? እኔ የሚመስለኝ አንዱ ትንሽ ነገር ያውቃል፣ ሌላው ይጠረጥራል፣ ሁሉም ሲሸጥ ደግሞ ያ ቁርጥራጭ እውቀት ዋጋው ላይ ይደመራል።

ግን መረጃ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ መሃል ላይ የሚተረጉመው ሰው አለ። ሰውም ይሳሳታል። ጃንዋሪ 2021 ኢላን መስክ በትዊተር «ሲግናልን ተጠቀሙ» ብሎ ጻፈ፤ የመልእክት መለዋወጫውን መተግበሪያ ማለቱ ነበር። ብዙ ሰው ተሯሩጦ የገዛው ግን ስሙ ብቻ የሚመሳሰል፣ ምንም ግንኙነት የሌለው የአንድ ትንሽ ኩባንያ አክሲዮን ነው። ከ1 ዶላር በታች የነበረው ዋጋ በጥቂት ቀናት ከ30 ዶላር በላይ ወጣ። መረጃው እውነት ነበር፤ አተረጓጎሙ ነው የተሳሳተው።

ምሁራኑም እዚህ ላይ አይስማሙም። ዩጂን ፋማ ዋጋ ያለውን መረጃ ሁሉ ያንጸባርቃል ሲል፣ ሮበርት ሺለር ደግሞ ዋጋ ከሚገባው በላይ ይዋዥቃል፣ የሰው ስሜትም አለበት ይላል። የ2013 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ለሁለቱም፣ ከላርስ ፒተር ሃንሰን ጋር ተሰጥቷል። እኔ ወደ ሺለር አደላለሁ። ቢያንስ አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ዋጋ ሁልጊዜ ሁሉንም መረጃ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘቡንና ጊዜውን አፍስሶ መረጃ የሚፈልግ ሰው ባልተገኘ ነበር። ፈላጊ ከሌለ ደግሞ መረጃው ዋጋው ውስጥ በማን በኩል ይገባል? ሳንፎርድ ግሮስማንና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ በ1980 ያነሱት ጥያቄ ይኸው ነው።