መንገዱ ሳይጀመር የሚደረገው «ግምገማ»

ግምገማ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ግን ሌላ ነው። ትልቅ መንገድ ከመጀመሩ በፊት በአፈር፣ በውሃ፣ በደንና በሰው ላይ የሚያመጣው ጉዳት የሚጠናበት ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል።

በዚህ ግምገማ ላይ ተቃውሞ ማቅረብ «ልማት አንፈልግም» ማለት አይደለም። አዋጁ ራሱ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ስለዚህ «ከመንገዱ ሥር የሚቀበረው ቱቦ ጎርፉን የሚለቀው የማን ማሳ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ዝም ከተባለ ጎርፉ ማሳው መሃል ቦረቦር ይከፍታል። ለመንገዱ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) የወጣበትን ጉድጓድ ማን እንደሚደፍነውም ጠይቁ። ጉድጓዱ ክረምት ላይ ውሃ ያቁርና ከብት፣ አንዳንዴም ልጅ ይበላል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ደግሞ ዶዘሩ ሳይገባ ነው።