የበርከንሄድን መናፈሻ ንግሥቲቱ አልሰጠችውም

በእንግሊዝ አገር፣ ከሊቨርፑል ማዶ የሚገኘውን የበርከንሄድ መናፈሻ ለወገኖቼ ባስጎበኘሁ ቁጥር «ንግሥት ቪክቶሪያ ለሕዝቧ የሰጠችው ስጦታ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ በዝምታ ላልፈውም አልችልም። ንድፉን ያወጣው ጆሴፍ ፓክስተን የዴቮንሻየሩ መስፍን ዋና አትክልተኛ ስለነበረ መኳንንቱ የሰጡት መስሏቸው ይሆናል፤ ገንዘቡ ግን የከተማው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ፓርላማው ባጸደቀው ሕግ መሠረት የከተማው ኮሚሽነሮች በሕዝብ ገንዘብ 226 ኤከር፣ ማለትም 91 ሄክታር ያህል መሬት ገዙ። ከዚህም 125 ኤከሩን ለመናፈሻ ለይተው፣ ቀሪውን ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ ሸጡት፤ መናፈሻው ሲሠራ በአጠገቡ ያለው መሬት ዋጋ እንደሚወደድ አስቀድመው አስበውበት ነበርና። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሐይቁን ከማየቱ በፊት ዳር ዳሩን የቆሙትን ሰፋፊ ቪላዎች ልብ ብሎ እንዲመለከት አጥብቄ እመክራለሁ፤ የመናፈሻው ወጪ የተመለሰው ከእንዲህ ያለው ቦታ ሽያጭ ነው።

«ተፈጥሮ እንዲሁ ያበጀችው ስፍራ ነው» የሚሉትም ተሳስተዋል። ቦታው ረግረግ ነበር። ፓክስተን ውኃውን በቦይ አስወጥቶ ሐይቆቹን አስቆፈረ፤ የወጣውንም አፈር ጉብታ አድርጎ ዛፍ አስተከለበት። የመሬት ቀያሽ የነበሩት አጎቴ ሊጠይቁኝ የመጡ ጊዜ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት፤ ሐይቁ ዳር ቆመው ጉብታውን በከዘራቸው እያመለከቱ «ይህ አፈር ከዚህ ጉድጓድ የወጣ ነው» አሉኝ። የሐይቁ ዳርቻ የተጠማዘዘውም መጨረሻው በአንድ እይታ እንዳይታይ ታስቦ ነው።

ለእግር ጉዞ ብቻ የተሠራም አይደለም፤ የክሪኬት ክበቡ የተመሠረተው መናፈሻው ኤፕሪል 5 ቀን 1847 በይፋ ከመከፈቱ በፊት፣ በ1846 ነው።

የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክም ታላቅ ይሁን እንጂ ቀዳሚ አይደለም። ከንድፍ አውጪዎቹ አንዱ ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስተድ እ.ኤ.አ. በ1850 በበርከንሄድ ሲያልፍ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አዲሱን መናፈሻቸውን ሳያይ እንዳይሄድ ለመነው፤ እርሱም የጀርባ ሻንጣውን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ትቶ ሊያየው ሄደ። በኋላ ስለ ጉብኝቱ ሲጽፍ፣ የመጨረሻው ድሃ በመናፈሻው ከንግሥቲቱ እኩል እንደሚዝናና፣ ከዚያም አልፎ ያ ዳቦ ጋጋሪ እንደ ባለቤት እንደሚኮራበት መሰከረ።