«ፈርሟል እኮ» ስለሚባለው ነገር፦ በዕፅ ክስና በግድ በተወሰደ ቃል ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት አመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኦገስት 2 ቀን 2025 ሳዑዲ ነጅራን ውስጥ ሶስት ኢትዮጵያውያንና አራት ሶማሊያውያን ሀሺሽ አስገብታችኋል ተብለው በአንድ ቀን በሞት ተቀጡ። እንዲህ አይነት ዜና በመጣ ቁጥር «አምኖ ፈርሟል እኮ»፣ «ያልነካ አይታሰርም» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔን በጣም የሚያመኝ ይሄ አባባል ነው፣ ምክንያቱም የኛው ሰው ስለኛው ልጅ ነው የሚለው።

«ንጹህ ሰው ያልሰራውን ሰራሁ አይልም»

ይላል። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1989 ሴንትራል ፓርክ ውስጥ አንዲት ሴት ተደፍራና ተደብድባ ስትገኝ ከተያዙት ልጆች አራቱ ከብዙ ሰዓት ምርመራ በኋላ ቪድዮ ላይ አምነዋል፣ በ2002 ግን ዲኤንኤው የሌላ ሰው መሆኑ ታውቆ ፍርዳቸው ተሰረዘ። በዕፅ ክስ ደግሞ ያን ያህል ማስጨነቅ እንኳን ላያስፈልግ ይችላል። ሂዩስተን የሆነውን እዩ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሰውየውን ያስቆምና የተገኘበትን ነገር በ2 ዶላር ገደማ በሚገዛ መመርመሪያ ያየዋል፣ ቀለሙ ከተቀየረ «ዕፅ ነው» ተብሎ ይታሰራል፣ ለዋስ የሚሆን ብር የለውም፣ ከዛ ካመንክ ቶሎ ትወጣለህ ከተከራከርክ ግን አመታት ሊፈረድብህ ይችላል ይሉታል፣ ስራው ሊሄድበት ነው፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት፣ እና «አምናለሁ» ይላል። ቆይቶ ላብራቶሪው ሲመረምረው ሕገ ወጥ ዕፅ የለበትም! ሂዩስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ በ2015 ብቻ 42 ሰዎች በዕፅ ከተፈረደባቸው ጥፋተኝነት ነጻ ተብለዋል። እነዚህ ሰዎች ጥፋተኛ ነኝ ያሉት ላልነበረ ዕፅ ነው፣ ማንም በጥፊ ሳይመታቸው። በዱላ የሚጠየቀውማ ምን ይላል ብላችሁ ታስባላችሁ?

«ፈርሟል አይደል፣ አለቀ»

አላለቀም። መጀመሪያ የፈረመው ምኑን ነው? አረብኛ አንብቦ የማያውቅ የወሎ ወይ የትግራይ ልጅ በረሃ አቋርጦ ድንበር ላይ ተይዞ፣ በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ አሻራውን ሲያደርግ ያደረገው አሻራ ነው እንጂ ቃል አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ2014 ጀምሮ ሳዑዲ በዕፅ ምክንያት በሞት የቀጣቻቸው ሰዎች ወደ 600 እንደሚጠጉና አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች መሆናቸውን ገልጿል፣ ያለ ጠበቃ ስለተመረመሩና ተሰቃይተን ነው ያመንነው ስላሉ ሰዎችም ጽፏል። ሳዑዲ ራሷ እኮ ማሰቃየትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግስታት ስምምነት በ1997 ተቀብላለች፣ የስምምነቱ አንቀጽ 15 ደግሞ በማሰቃየት የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል።

የኛም ሕገ መንግስት አንቀጽ 19 ንዑስ 5 ግልጽ ነው፣ የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፣ ተገዶ የሰጠው ተቀባይነት የለውም። «እውነት ከሆነስ?» የሚል አለ። ሕጉ እውነት ከሆነ ይቀበሉት አላለም።

«ዝም ካለማ የሚደብቀው አለ»

ዝም ማለት መብት ነው፣ እዛው አንቀጽ 19 ላይ አለ። በቃ።

«ዕፁ ከሻንጣው ወጥቷል፣ ምን ጥርጣሬ አለው»

እስቲ አስቡት፣ ስንቶቻችን ነን ቦሌ ላይ «ይሄን ለእህቴ አድርስልኝ» ተብለን በርበሬና ሽሮ በአደራ ይዘን የሄድነው? ውስጡ ምን እንዳለ ፈታችሁ አይታችኋል? የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 23 ወንጀል የሚሞላው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ይላል። መያዙ ግዙፋዊው ነው፣ ሞራላዊውን፣ ማለትም ማወቁንና መፈለጉን፣ ዓቃቤ ሕግ ለብቻው ማስረዳት አለበት። መርማሪዎች ያን የእምነት ቃል የሚፈልጉት አንዱ ለዚህ ይመስለኛል፣ ዕፁ ይናገራል፣ እውቀቱን ግን የሚናገረው ሰውየው ብቻ ነው።

ላብራቶሪም ይሳሳታል፣ አንዳንዴም ይዋሻል። ማሳቹሴትስ ውስጥ አኒ ዱካን የምትባል የመንግስት ኬሚስት ውጤት ስታጭበረብር በ2012 ተያዘች፣ በ2017 ከ21,000 በላይ የዕፅ ክሶች ተሰረዙ። ከነዚህ ውስጥ አምነው የተፈረደባቸው ብዙ ነበሩ፣ የላብራቶሪ ወረቀት ፊትህ ሲያስቀምጡልህ ምን ብለህ ትከራከራለህ?

«በጥርጣሬ መልቀቅ ወንጀለኛን መሸለም ነው»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንላለን፣ ለገበያና ለብድር ልክ ነው። ፍርድ ቤት ግን በጥርጣሬ ጥፋተኛ ነህ አይልም፣ ሸክሙ ያለው ዓቃቤ ሕግ ላይ ነው። ምክንያታዊ ጥርጣሬ ማለትም «ምናልባት ጂኒ አስገብቶት ይሆናል» አይነት ወሬ አይደለም፣ ከማስረጃው ክፍተት የሚነሳ ነው፣ ሻንጣውን ማን አሸገው፣ ኤግዚቢቱ (በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ) ከተያዘበት እስከ ላብራቶሪ በማን እጅ ቆየ፣ ቃሉ ሲወሰድ አስተርጓሚ ነበረ ወይ።

«አንዴ ፖሊስ ጋ ካመነ ዳኛ ፊት መካድ ዋጋ የለውም»

ይሄ አመለካከት ነው ብዙ ልጅ ያስበላው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ለመጓጓዣ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር። ወንድማችሁ ተይዞ ከሆነ ልታገኙት ስትገቡ ይሄን ንገሩት፣ የመጀመሪያዋ ቀን ላይ «ተገድጄ ነው» ይበል፣ ቁስል ካለው ሳይድን ለዳኛው ያሳይ፣ ሐኪም እንዲያየው ይጠይቅ፣ ያለው ሁሉ መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቅ። ሶስት ወር ቆይቶ ቢናገረው ቁስሉ ጠፍቶ ቃሉ ብቻ ነው የሚቀርለት።