የስታንፎርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ምሩቃን፦ የት ደረሱ? ምንስ መለሱ?

ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1925 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው ስጋት ነበር። የምዕራብ አሜሪካ ጎበዝ ወጣቶች ቢዝነስ ለመማር ወደ ምሥራቅ፣ ወደነ ሃርቫርድ ይሄዱ ነበር። ከሄዱ በኋላ ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ይህ ነገር ካሳሰባቸው ሰዎች ዋነኛው ሄርበርት ሁቨር ናቸው። ሁቨር ራሳቸው የስታንፎርድ ምሩቅ ነበሩ፤ በ1929 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የአካባቢውን ባለሀብቶች አግባብተው ድጋፍ አሰባሰቡና ትምህርት ቤቱ ሥራ ጀመረ።

ልጁን ውጭ አገር ልኮ የመመለሻውን ቀን የሚቆጥር ወላጅ ይህ ስጋት በደንብ ይገባዋል። ደግሞ በአማርኛ "መመለስ" ስንል የሄደ ሰው መምጣቱንም፣ የተበደሩትን መክፈልንም ማለታችን ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ምሩቃን ባነበብኩ ቁጥር የምፈልገው ይህን ቃል ነው። ማን ምን ሆነ የሚለው አይበቃኝም፤ ማን ምን መለሰ የሚለውንም ማወቅ እፈልጋለሁ።

የት የት ይገባሉ?

ኤምቢኤ የሚባለው የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። በየዓመቱ የሚገባው ተማሪ ከ400 ብዙም አይዘልም። አብዛኛው ሲመረቅ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፦ ኢንቨስትመንት፣ የማማከር ሥራ፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያ። ጥቂቱ የራሱን ይከፍታል። ቪኖድ ኮስላና ስኮት ማክኒሊ በ1980 ተመርቀው፣ በ1982 ሰን ማይክሮሲስተምስን ከመሠረቱት መካከል ናቸው። ሪሺ ሱናክ በ2006 ተመርቆ እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ደርሷል።

ሜሪ ባራ ጄኔራል ሞተርስ ስትገባ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። ሥራዋ የመኪና አካል ክፍሎችን መፈተሽ ነበር። ኋላ ኩባንያው ራሱ ከፍሎ ስታንፎርድ አስተማራት። በ1990 ተመርቃ ወደዚያው ኩባንያ ተመለሰች። በ2014 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች። ያስተማረን መሥሪያ ቤት ጥሎ መሄድ በጣም ቀላል በሆነበት ዓለም፣ ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል።

ግን ከታች ተነስቶ የሚሄደውን መንገድ አንድ በአንድ ለማየት እንደ ፊል ናይት የሚመች የለም።

ከመኪና ኮፈን እስከ ናይኪ

ናይት በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ነበር። ስታንፎርድ ሲማር ለአንድ ኮርስ ወረቀት ጻፈ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የጃፓን ካሜራ የጀርመንን ካሜራ ከገበያ እንደገፋው ሁሉ፣ የጃፓን የሩጫ ጫማም የጀርመኑን ሊገፋ ይችላል የሚል ነው። በ1962 ተመረቀ። ብዙ ተማሪ ወረቀቱን ካስረከበ በኋላ ይረሳዋል። ናይት ግን ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ድረስ ሄደ። ኦኒትሱካ የሚባለው የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ከየትኛው ኩባንያ እንደመጣ ሲጠይቁት፣ ገና ያልተቋቋመ ኩባንያ ስም ነገራቸው፦ ብሉ ሪበን ስፖርትስ።

በ1964 ከቀድሞ አሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር ተጨባበጡና እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጡ። ናይት በሒሳብ ሙያው እየሠራ፣ በትርፍ ሰዓቱ ጫማውን መኪናው ላይ ጭኖ የሩጫ ውድድር ወዳለበት ሜዳ ይሄዳል። የኋላ ኮፈኑን ይከፍታል። ሯጮቹ ይለካሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይገዛሉ። መርካቶ አካባቢ መኪና ዳር አቁሞ ጫማ የሚሸጥ ወጣት ያየ ሰው ነገሩን መገመት አያቅተውም። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ 8,000 ዶላር ያህል ነበር። ከዚያ ትልቅ ትምህርት ቤት ኤምቢኤ ይዞ የወጣ ሰው ነው እንግዲህ።

ጫማው ብቻውን ስለማያኖረው ፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ያስተምር ነበር። እዚያ ካሮሊን ዴቪድሰን ከምትባል የዲዛይን ተማሪ ጋር ተዋወቀ። በ1971 ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን የናይኪ ምልክት የሠራችው እሷ ናት። የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። በ1983 ናይት ጠራትና የምልክቱ ቅርጽ ያለበት፣ አልማዝ የገባበት የወርቅ ቀለበትና የኩባንያው አክሲዮን ሰጣት። ሒሳቡ ያኔውኑ ተዘግቶ ነበር፤ ማንም የጠየቀው የለም። ስለ ናይት ስጦታዎች ብዙ ቁጥር ይጠቀሳል። ለእኔ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው ይሄኛው ነው።

ጫማው እኛም ደጅ ደርሷል። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲጨርስ እግሩ ላይ የነበረው ናይኪ ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመጣ፣ ናይት በ2006 ለተማረበት ቢዝነስ ትምህርት ቤት 105 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የተሰጠ ትልቁ ስጦታ ነበር። በ2011 የተመረቀው አዲሱ የትምህርት ቤቱ ግቢ በስሙ ይጠራል። በ2016 ደግሞ 400 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ናይት ሄነሲ የሚባለው የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ተጀመረ። ይህ ከመላው ዓለም የሚመጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን የሚያስተምር ነው፤ የትምህርት ዘርፍ አይመርጥም። ለኦሪገን የካንሰር ምርምር ተቋም ያደረገው ደግሞ ለየት ይላል። በ2013 እናንተ በሁለት ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ካሰባሰባችሁ እኔም ያንኑ ያህል እሰጣለሁ አለ። በ2015 ገንዘቡ ሞላ፤ ቃሉን ጠበቀ። በ2025 እሱና ባለቤቱ ፔኒ ለዚሁ ተቋም ሌላ 2 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብተዋል።

ሐሳቤን ልናገር። የካንሰሩ ስጦታ ያስደስተኛል። ብዙ ሺህ ሰው የአቅሙን እንዲያዋጣ ያደረገ ስጦታ ነው። ሕንፃው ግን ብዙም አይገርመኝም። ስታንፎርድ ድሮም ገንዘብ አልቸገረውም። ያለው ላይ መጨመር ክፋት ባይኖረውም፣ የቸገረው ጋ ቢሄድ ብዙ ይሠራ ነበር።

ደጃቸውን የከፈቱት ባልና ሚስት

ሮበርት ኪንግ በ1960 የተመረቀ የኢንቨስትመንት ሰው ነው። እሱና ባለቤቱ ዶሮቲ ለረጅም ዓመታት ከውጭ አገር የሚመጡ የስታንፎርድ ተማሪዎችን ቤታቸው ይቀበሉ ነበር። እንግዳ ተቀባይነታቸው ሳያስቡት ሀብትም አመጣላቸው። በእንግዶቻቸው በኩል በተገኘ ትውውቅ፣ ባይዱ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ገና ሲጀመር ገንዘብ አስገቡ።

በ2011 ባልና ሚስቱ 150 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ሲድ የሚባለው ተቋም በዚህ ገንዘብ ተቋቋመ። ሲድ ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ እርዳታም አያከፋፍልም። ሥራ ላይ ያሉ መካከለኛ ድርጅቶችን ባለቤቶችና ኃላፊዎች ይዞ፣ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያሠለጥናል፤ የስታንፎርድ መምህራን ራሳቸው ሠልጣኞቹ ወዳሉበት አገር ሄደው ያስተምሯቸዋል። በ2013 በጋና፣ በአክራ ተጀመረ። የምሥራቅ አፍሪካው ማዕከል ናይሮቢ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ድርጅቶችም ይሳተፉበታል። ምርጫው ትክክል ይመስለኛል። እኛ ጋ ሱቅ የሚከፍት ሰው አላነሰም። ያነሰው 20 ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ወደ 200 የሚያሳድግ ነው። ባለቤቱ ሒሳቡንም፣ ግዢውንም፣ ሽያጩንም እሱ ብቻ ይዞ፣ አንድ ቀን ሲታመም ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ሲድ የሚነካው ይህንን ቦታ ነው።

ኩራዝ

እንደዚህኛው ቅርብ የሚሆንብኝ የለም። ሳም ጎልድማን ቢዝነስ ከመማሩ በፊት በቤኒን የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። የጎረቤቱ ልጅ በኩራዝ ክፉኛ ተቃጠለ። ጎልድማን ይህን ይዞ ስታንፎርድ ገባ። እዚያ የቢዝነስና የምህንድስና ተማሪዎች አብረው፣ ድሀ ሊገዛው የሚችል ዕቃ የሚነድፉበት ኮርስ ነበር። ከኔድ ቶዙን ጋር ተገናኙ። ኩራዝን የሚተካ የፀሐይ መብራት ሠሩና ዲላይት የሚባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ሁለቱም በ2007 ተመረቁ።

በኩራዝ ያጠና ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ፊት ሲታጠቡ ከአፍንጫ ጥላሸት ይወጣል። ደብተሩ ላይ የጋዝ ጠብታ ይቀራል። ሲያንጎላጅ ፀጉሩ የተለበለበ ተማሪ በየክፍሉ ነበር። የዲላይት መብራት ቀን ጣራ ላይ ወይም ደጅ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ ማታ ይበራል። ኢትዮጵያም ገብቷል። ኩባንያው ምርቶቹ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ዘንድ እንደደረሱ ይናገራል።

እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ልክበር፣ ከዚያ እሰጣለሁ አላሉም። ሥራው ራሱ ስጦታው ሆነ። በነፃ አላደሉትም፤ ይሸጡታል፣ ያተርፋሉም። ለዚህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ የሚያቀርበው ደግሞ ሌላ ምሩቅ ነው። ጃክሊን ኖቮግራትዝ ባንክ ትሠራ ነበር። በሩዋንዳ ለሴቶች ብድር የሚሰጥ ድርጅት ሲቋቋም ከረዳች በኋላ ስታንፎርድ ገብታ በ1991 ተመረቀች። በ2001 አኩመንን መሠረተች። አኩመን የእርዳታ ገንዘብ ሰብስቦ ለድሀው በሚሠሩ ኩባንያዎች ላይ ያውላል፤ ትርፉን ቶሎ አምጡ ብሎም አያጣድፍም። ከደገፋቸው አንዱ ዲላይት ነው።

የመመለስ ውል

አንድ የማይካድ ነገር አለ። የትምህርት ዕዳ ያለበት ምሩቅ ልቡ ቢፈልግም ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሥራ ለመግባት ይቸገራል። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ያደረገው ነገር አለ። በበጎ አድራጎት ወይም በመንግሥት ሥራ ለሚሰማሩ ምሩቃን ከብድራቸው ላይ የሚከፍልላቸው ፕሮግራም አለው።

ለአፍሪካውያን ደግሞ የተለየ ፌሎሺፕ አለ። የአፍሪካ አገር ዜግነት ያለውና የገንዘብ አቅም የሌለው ተማሪ የኤምቢኤ ክፍያው ይሸፈንለታል። ግዴታው ግልጽ ነው። በተመረቀ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አፍሪካ ይመለሳል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት እዚያ ይሠራል። ሁቨር በ1925 የፈሩት ነገር እዚህ በውል ተጽፎ መልስ አገኘ።

ያለ ውልም የሚመለስ አለ። ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን በዚያው በስታንፎርድ፣ ግን ቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን በኢኮኖሚክስ ዘርፍ ነው ዶክትሬታቸውን የሠሩት። ጥናታቸው የኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ነበር። ዋሽንግተን ከነበራቸው ሥራ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ2008 ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን መርተዋል። ወረቀት ላይ ያጠኑትን ገበያ፣ ቡናና ሰሊጥ የሚሸጥበት አዳራሽ አድርገው አቆሙት።